አፈር የሚቆፍረውና እግር የሚያክመው ለምን በአንድ መኪና ይመጣሉ? በግራንት ስለሚሰራ የጋራ ምርምር

ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ በደብረ ኤልያስ፣ በደምበጫ፣ በአነደድ በኩል ገጠር የኖረ ሰው ይሄን ነገር አይቶት ይሆናል። አንድ መኪና ይመጣል፣ ሶስት አራት ሰው ይወርዳል፣ አንዱ ከጓሮ አፈር ቆፍሮ በፌስታል ይቋጥራል፣ ሌላዋ ጓንት አድርጋ ያበጠ እግር በሜትር ትለካለች፣ ሌላው ደግሞ ታብሌት ይዞ "ሰርግ ይጠሩዎታል? ልጅዎን ለጋብቻ የጠየቀ አለ?" እያለ ይመዘግባል። ሲጨርሱ አመስግነው ይሄዳሉ። ሰፈሩ ግን ጥያቄ ይቀረዋል፣ አፈርና እግር ምን አገናኛቸው፣ ሰርጉስ እዚህ ውስጥ ምን አገባው፣ የመኪናውን ነዳጅና የሰዎቹን አበልስ ማነው የሚከፍለው?

ከ2025 ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በሌላ በር መጣ። የአሜሪካ መንግስት በጥር ወር የውጭ እርዳታውን አግዶ በኋላም የእርዳታ ድርጅቱን ዩኤስኤአይዲን ሲዘጋ "ግራንቱ ተቋረጠ፣ ፕሮጀክቱ ቆመ" የሚል ወሬ ከጤና ጣቢያ እስከ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተሰማ። ግራንት ራሱ ምን እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚሰጠው፣ ለምንስ ሁልጊዜ "ከተለያየ ሙያ የተውጣጣ ቡድን" እንደሚባል ግን ለብዙ ሰው ቁጭ ብሎ ያስረዳው የለም። እኔ ከስሩ ልሞክር፣ ምሳሌዎቹን በተቻለ መጠን ከጎጃም እወስዳለሁ፣ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ግራንት ብድር ነው ወይስ ስጦታ?

ብድር አይደለም፣ ምክንያቱም አይመለስም። ስጦታ ነው እንዳይባል ደግሞ እንደፈለጉ አያወጡትም። ለአንድ ለታወቀ ጥያቄ፣ ለታወቀ ጊዜ፣ በተጻፈ ዝርዝር ብቻ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ለመኪና ኪራይ የተያዘውን ለኮምፒውተር መግዣ ማድረግ ከፈለክ ሰጪውን ጠይቀህ ፈቃድ ማግኘት አለብህ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ገንዘብ ያለው ድርጅት ጥሪ ያወጣል፣ ግቢ ውስጥ "ኮል ወጣ" የሚባለው እሱ ነው። ተመራማሪዎች ፕሮፖዛል ይጽፋሉ፣ ምን እንደሚጠይቁ፣ እንዴት እንደሚያጠኑት፣ በስንት ብርና በስንት ጊዜ። ፕሮፖዛሉን በዛ ሙያ ያሉ ሌሎች ሰዎች ያነቡትና ነጥብ ይሰጡታል፣ ጥቂቱ ያልፋል፣ አብዛኛው ይወድቃል። ያለፈው ውል ይፈርማል። ፕሮጀክቱን የሚመራው ሰው "ፒአይ" ይባላል፣ ዋና ተመራማሪ ማለት ነው፣ አብረውት ያሉት ደግሞ "ኮ ፒአይ" ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ "እከሌ 10 ሚሊዮን ብር ግራንት አገኘ" ሲባል ብሩ እከሌ ኪስ የገባ ይመስለዋል፣ ገንዘቡ ግን የሚገባው ዩኒቨርሲቲው ሂሳብ ውስጥ ነው፣ ያውም አንዴ ሳይሆን በክፍል በክፍል፣ የመጀመሪያው ክፍያ በምን እንደወጣ ሪፖርት ካልቀረበ ሁለተኛው አይለቀቅም።

ሰጪዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። ዌልካም የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት አለ፣ የመድኃኒት ኩባንያ ባለቤት የነበረው ሄንሪ ዌልካም ሲሞት በተወው ኑዛዜ በ1936 የተመሰረተ። የአውሮፓ ህብረት ሆራይዘን ዩሮፕ የሚባል ፕሮግራም አለው፣ ከ2021 እስከ 2027 ላለው ጊዜ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተያዘለት። ጃፓን ጃይካ በሚባለው የትብብር ድርጅቷ በኩል ትሰጣለች፣ ካናዳ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ቤልጂየም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። አገር ውስጥም ዩኒቨርሲቲዎቹ ከመንግስት ከሚያገኙት በጀት ላይ ቆርሰው ለራሳቸው መምህራን ጥሪ ያወጣሉ፣ ባህር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራ ያሉት መምህራን መጀመሪያ የሚሞክሩት ብዙ ጊዜ እሱን ነው፣ መጠኑ ከውጭው ጋር ባይወዳደርም።

አንድ ቃል ልጨምር፣ ኦቨርሄድ። ዩኒቨርሲቲው መብራቱን፣ ኢንተርኔቱን፣ ቤተ ሙከራውን፣ የሂሳብ ሰራተኛውን ስለሚያቀርብ ከግራንቱ የተወሰነ ፐርሰንት ይወስዳል። አሜሪካ ውስጥ በየካቲት 2025 የብሔራዊ ጤና ተቋማቸው ይሄ ክፍያ ከ15 ፐርሰንት እንዳያልፍ ብሎ ሲወስን ዩኒቨርሲቲዎችና ክፍለ ግዛቶች ፍርድ ቤት ሄደው አሳገዱት፣ ዜናው ላይ ያ ሁሉ ክርክር የነበረው በዚህ ነው። ጥናት ማለት ተመራማሪውና ማይክሮስኮፑ ብቻ አይደለም፣ ማይክሮስኮፑ ያለበት ቤት ጣሪያውን የሚጠግን ሰውም ደሞዝ ይፈልጋል።

አንድ ሙያ ለምን አይበቃም?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም ጎጃም ውስጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዝሆኔ የምንለው በሽታ፣ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት።

በሌላው ዓለም ዝሆኔ ሲባል የሚታወቀው በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ነው። ደጋ ላይ ግን እሱ ትል የለም፣ እግር ግን ያብጣል። ይሄ ሐኪሞችን ለረጅም ጊዜ ግራ አጋብቷል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ገበያ ቀን ላይ ቆመው ያበጠ እግር ያለውን ሰው ይቆጥሩ ነበር፣ ኤክስሬይም ምንም የለም፣ በቃ ሰው በብዛት የሚገኝበት ቦታ ሄዶ መቁጠር። ከዛ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ኢትዮጵያ ውስጥ ይሰራ የነበረ እንግሊዛዊ ቀዶ ጥገና ሐኪም በሽታው ያለበትን ቦታ ከአፈርና ከድንጋይ ካርታ ጋር ሲያስተያየው አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር ያለበት ደጋ ላይ ሆኖ አገኘው። የታማሚዎችን የእጢ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ደግሞ ውስጡ ደቃቅ የአፈር ማዕድን አለ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲኬድ ደቃቁ ብናኝ በቆዳ ይገባል፣ ሰውነት በሚያሳየው ቁጣ ሊምፍ የሚባለው ከደም ስር ውጭ የሚዘዋወር የሰውነት ፈሳሽ የሚሄድበት ቱቦ እየቆሰለ ይዘጋል፣ ፈሳሹ እግር ላይ ይቀራል። እስካሁን ያለው ማብራሪያ ይሄ ነው።

አስቡት፣ ሐኪሙ ብቻውን ቢሆን ደምና ትል ሲፈልግ ይኖር ነበር። የጂኦሎጂ ሰው ብቻውን ቢሆን ድንጋዩን በደንብ ይገልጸው ነበር እንጂ እግር አያይም። መልሱ የተገኘው ሁለቱ ካርታ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደረብ ነው።

ግን በዛ አላበቃም። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ አፈር እየረገጡ፣ አንዱ ወንድም ይታመማል ሌላው ደህና ነው፣ ለምን? ይሄ ደግሞ የዘረመል ሰው ጥያቄ ነው። በ2012 ከወላይታ በተወሰደ ናሙና የተሰራ ጥናት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ ወጣ፣ የሰውነት መከላከያን የሚመሩ ኤችኤልኤ የሚባሉ ጂኖች አካባቢ ያለ ልዩነት አንዳንዱን ሰው ለበሽታው ይበልጥ ተጋላጭ እንደሚያደርገው አሳየ። ሰዉ "በዘር ነው" ይል የነበረው ነገር ስለዚህ ከመሬት የተነሳ አልነበረም፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የያዘው፣ ምክንያቱም ጂኑ ያለበትም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ በሽታው አይዘውም። ይሄን ልዩነት ለህዝብ ማስረዳት ራሱ የቻለ ስራ ነው፣ በደንብ ካልተነገረ "ዘራቸው ነው" የሚለውን አጠንክሮ ልጅ እንዳያገቡ ሊያደርግ ይችላል።

ሰርጉ ምን አገባው ላልነው መልሱ እዚህ ጋ ነው። ታማሚው ይገለላል፣ በእሱ ምክንያት ጤነኛ እህቱ ሳትዳር ትቀራለች፣ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ ስም ይወጣለታል፣ ሰው እንዳያየው ብሎ ቤቱ የሚቀመጥም አለ። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ጤና ጣቢያ አይሄድም፣ ስለዚህ የሐኪሙ ህክምና ቢኖርም አይደርሰውም። ይሄን የሚያጠናው የሶሲዮሎጂ ወይ የአንትሮፖሎጂ ሰው ነው። የኢኮኖሚክስ ሰዎች ደግሞ ወላይታ ላይ ሲያሰሉት አንድ ታማሚ ስራ መስራት ከሚችልበት ጊዜ 45 ፐርሰንቱን ያጣል ብለዋል። በአማካይ ግማሽ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ለአራሽ ቤተሰብ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጎጃም ላይስ? በ2012 የታተመ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ቤት ለቤት የተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15ና ከዛ በላይ ከሆኑት ውስጥ 3.3 ፐርሰንቱ በሽታው እንዳለባቸው አገኘ። ከ100 ሰው ከሶስት በላይ ማለት ነው፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ቁጠሩት። በኋላ ደግሞ ምስራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ላይ 696 ታማሚ ያሳተፈ ሙከራ ተደረገ፣ ውጤቱ በ2018 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ በሚባል የህክምና መጽሔት ወጣ። ገንዘቡ የመጣው ዌልካምን ጨምሮ ከእንግሊዝ በኩል ነበር። ሙከራው የሚገርም ቀላል ነገር ነበር፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ የጀርም ማጥፊያ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲ፣ ጫማ። በዕጣ ገሚሱ ወዲያው ጀመረ፣ ገሚሱ ደግሞ ከ12 ወር በኋላ ጀመረ፣ ማንም ጭራሽ ሳያገኝ እንዳይቀር።

የለኩት የእግሩን ውፍረት ብቻ አልነበረም። ታማሚዎቹን በጣም የሚያሰቃያቸው እግሩ በድንገት ቀልቶ፣ ነድዶ፣ በትኩሳትና በብርድ ብርድ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ህመም ነው፣ እሱን ቆጠሩ። ገና ህክምና ካልጀመሩት አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ይነሳበታል፣ የጀመሩት 19.4 ጊዜ። ወደ 19 ፐርሰንት ቀነሰ ማለት ነው። ቁጥሩን ስታዩት ሁለቱም ከባድ ነው፣ ህክምናውን እየወሰደም በየሶስት ሳምንቱ የሚወድቅ ሰው አለ፣ ግን በሳሙናና በፋሻ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ከአልጋ መትረፍ ትንሽ ነገር አይደለም።

እዚህም ላይ ሙያው አያልቅም። እግር ለመታጠብ ውሃ ይፈልጋል፣ በበጋ ያን ውሃ ከሩቅ ምንጭ የምትቀዳው ማናት? ጫማስ፣ ገበያ ያለው ኮንጎ ጫማ ያበጠ እግር አያስገባም፣ ስለዚህ በልክ የሚሰፋ ሰው ያስፈልጋል፣ በክረምት ጭቃ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ ማረስ ምን እንደሚመስል ያረሰ ያውቀዋል። የውሃ መሃንዲስ፣ ጫማ ሰፊ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ሁሉም ከአንድ እግር ዙሪያ ተሰበሰቡ።

ብዙ ሙያ መሰብሰብና ብዙ ሙያ ማጋጠም አንድ ነው?

አይደለም፣ ጥሪ ላይ የሚወጡት ረጃጅም ቃላት የሚለዩትም ይሄን ነው። "መልቲዲሲፕሊነሪ" ሲባል የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች አንድ ርዕስ ይዘው እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ያጠናና መጨረሻ ላይ ሪፖርቱ አንድ ላይ ይጠረዛል። "ኢንተርዲሲፕሊነሪ" ሲባል ግን ጥያቄው ራሱ ከመጀመሪያው አብሮ ይቀረጻል። "ትራንስዲሲፕሊነሪ" የሚሉት ደግሞ ገበሬው፣ ታማሚው፣ የወረዳው ባለሙያ ጥያቄው ሲቀረጽ ጀምሮ አብረው ሲቀመጡ ነው።

የጤፍ ደቦ አስቡ። አስር ሰው ስለተጠራ ብቻ ደቦ አይሆንም፣ አንዱ ያጭዳል፣ ሌላው ከኋላው ይሰበስባል፣ ሌላው ይከምራል፣ አጫጁ የተኛ እንደሆነ ከማሪው እጁን አጣጥፎ ይቆማል፣ ክምሩ ከተበላሸ የሁሉም ድካም ዝናብ ይመታዋል። አስሩ ሰው እያንዳንዱ በየራሱ ማሳ ሲያጭድ ውሎ ማታ ጠላ ላይ ቢገናኝ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። በብዙ ፕሮጀክት ላይ የሚታየው ሁለተኛው ነው፣ ፕሮፖዛሉ ላይ አምስት ዲፓርትመንት ተጽፏል፣ ምክንያቱም ሰጪው ጠይቋል፣ ስራው ሲጀመር ግን አምስቱም በጀታቸውን ተካፍለው በየቢሯቸው ይገባሉ።

ጣና ላይ ያለውን እንቦጭ እንኳን ብንወስድ፣ አረሙ ከታየ ከ2011 ጀምሮ ማሽን የሚሰራው ኢንጂነር፣ አረሙን የሚበላ ነፍሳት የሚፈልገው የባዮሎጂ ሰው፣ የዓሳ አስጋሪውን ኑሮ የሚያጠናው ሁሉም ሰርተዋል። ግን አረሙን የሚቀልበው ከላይ ካለው ማሳና ከከተማ ፍሳሽ የሚወርደው ማዳበሪያና ደለል ነው፣ ሐይቁ ላይ ያለው ሰውና ተራራው ላይ ያለው ሰው በአንድ ጥያቄ ካልተገናኙ ያጨዱት ተመልሶ ይበቅላል።

ምኑ ነው የሚያስቸግረው?

ከውጭ ሲታይ ሰዎቹ ኩራት ይዟቸው ወይ ስንፍና የመሰለው ብዙ ነው። ችግሩ ግን ከዛ በታች ያለ፣ በጣም ጥቃቅን ነገር ነው። ዝሆኔው ላይ ልመለስ። የአፈር ሰው ናሙና የሚወስደው ከአንድ ነጥብ ነው፣ ጂፒኤስ ይመዘግባል። ሐኪሙ የሚመዘግበው ሰው ነው። የሶሲዮሎጂው ሰው የሚመዘግበው ቤተሰብ ነው። አሁን እነዚህን ሶስቱን እንዴት ታገናኛቸዋለህ? የሰውየው አፈር የትኛው ነው፣ የጓሮው ነው፣ የሚያርሰው ማሳ ነው፣ ወይስ በየሳምንቱ ገበያ የሚሄድበት መንገድ? ሴትየዋ ደግሞ ከሌላ ቀበሌ ተድራ የመጣች ከሆነች፣ እግሯ የረገጠው የልጅነቷ አፈር እዛ ነው የቀረው። ይሄን ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት ተቀምጠው ካልተስማሙ፣ ሶስቱም ትክክለኛ መረጃ ሰብስበው ሶስቱም የማይገናኝ ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ ብሩ አልቋል። ሰሜን ኢትዮጵያ ላይ የተሰራ አንድ ጥናት ይሄን ተሻግሮ ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የሚባሉ ማዕድናት በብዛት ያሉበት አፈር ከበሽታው ጋር አብሮ እንደሚሄድ ማሳየት የቻለው የጤናውና የአፈሩ ናሙና ከመጀመሪያው ቦታ በቦታ የተጣጣመ ስለነበር ነው።

ሌላው እድገት ነው። መምህር ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሲያድግ የሚቆጠርለት የታተመ ጽሁፍ ነው፣ የመጀመሪያ ስም ሆኖ የወጣበት ደግሞ የበለጠ ይቆጠራል። አስራ አምስት ሰው የጻፈው ጽሁፍ ላይ ዘጠነኛ ስም የሆነች የሶሲዮሎጂ መምህርት በዲፓርትመንቷ ሚዛን ላይ ቀለል ብላ ነው የምትታየው፣ የጻፈችው ደግሞ የጤና መጽሔት ላይ ከሆነ "ይሄ የኛ ሙያ አይደለም" ልትባልም ትችላለች። ለሁለት ዓመት ከሌላ ሙያ ሰው ጋር መነጋገር የተማረችበትን ጊዜ የሚቆጥርላት የለም።

ገምጋሚዎቹም ጋ ችግር አለ። በ2016 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለአውስትራሊያ የምርምር ምክር ቤት በአምስት ዓመት ውስጥ የቀረቡ ከ18 ሺህ በላይ ፕሮፖዛሎችን አይቶ ሙያዎቹ በተራራቁ ቁጥር ገንዘብ የማግኘት ዕድሉ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፣ ለሁሉም ገምጋሚ ግማሹ ከሚያውቀው ውጭ ነው። ጥሪው "ሙያ ያጋጠመ ስራ አምጡ" ይላል፣ ነጥብ አሰጣጡ ደግሞ መልሶ ወደ አንድ ሙያ ይጎትታል። በኔ እይታ ዋናው ችግር ይሄ ነው፣ ሰጪዎቹ ሊያስተካክሉት የሚችሉትም ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ይሄን ለማለፍ ከዲፓርትመንት ውጭ የሚቆም ተቋም ያቋቁማሉ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የብሉ ናይል የውሃ ተቋም እንደዛ ነው፣ ውሃ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ብቻ ወይ የግብርና ብቻ እንዳይሆን። ከዛ በፊትም ከ2007 ጀምሮ ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ባህር ዳር ላይ የተፋሰስ ማስተርስ ይሰጥ ነበር፣ ተማሪዎቹ አፈሩንም ውሃውንም ገበሬውንም አንድ ላይ እንዲያዩ፣ ከባህር ዳር ብዙም የማይርቀው ደብረ ማዊ ላይ ቦረቦሩ እንዴት እየሰፋ ማሳ እንደሚበላ ሲለኩ ከረሙ።

ብሩ የፈረንጅ ከሆነ ጥያቄውስ የማነው?

ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ዋናው ውል የሚፈረመው ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው፣ ሰጪው የሚፈልገውን የሂሳብ ኦዲትና የወረቀት ስራ እነሱ ቶሎ ስለሚያሟሉ። እኛ ጋ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከዛ ላይ ንዑስ ውል ያገኛል። እንደዛ ሲሆን ጥያቄው ለንደን ወይ ቶኪዮ ተቀርጾ፣ እዚህ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ብቻ የሚፈለግበት ጊዜ አለ። ጥሩ የሆነውም አለ።

አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ያለውን ተመልከቱ። አፈሩ አሲድ እየሆነ ገብስና ጤፍ እንቢ ሲል ገበሬው ራሱ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከለ፣ አራት አምስት ዓመት አቆይቶ ይቆርጠዋል፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ይሄን ፕሮፌሰር አላስተማረውም። ተመራማሪው የመጣው በኋላ ነው፣ ከ2017 ጀምሮ የጃፓኑ ቶቶሪ ዩኒቨርሲቲና ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በጃፓን ገንዘብ ፋግታ ለኮማ ጉደር ላይ፣ ባህር ዳር አጠገብ አባ ገሪማ ላይና መተከል ድባጤ ላይ ሰሩ። የአፈር ሰው መሸርሸሩን ይለካል፣ የእንስሳት ሰው መኖውን፣ የኢኮኖሚ ሰው የቤተሰቡን ገቢ። የገበሬውን ስራ በቁጥር ሲያዩት ጥቅሙም ስጋቱም ወጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል በሽታ ከመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይመታል፣ በኋላ ዛፉን የፈንገስ በሽታ ሲመታው የሆነውም እሱ ነው።

ለምን ጀምረው ይተዉታል?

ይሄ ቅሬታ ገጠር ውስጥ በጣም ይሰማል፣ እውነትም አለው። አብዛኛው ግራንት ከሶስት እስከ አምስት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ዓመት በውል፣ በስነ ምግባር ፈቃድ፣ በዕቃ ግዥ ያልቃል፣ ዕቃው ከውጭ ከመጣ ጉምሩክም አለ። የመጨረሻው ዓመት በመጻፍ ያልቃል። ሜዳ ላይ የሚቀረው መሃሉ ነው። አፈር ግን በሶስት ዓመት አይናገርም። ምዕራብ ጎጃም ያለችው አንጀኒ ለዚህ ምስክር ናት፣ 113 ሄክታር የምትሆን ትንሽ ተፋሰስ፣ በስዊዘርላንድ ድጋፍ ከ1984 ጀምሮ ዝናቡ፣ የወንዙ መጠን፣ የሚታጠበው አፈር የተለካባት። ዛሬ አባይ ተፋሰስ ላይ እርከን ይጠቅማል አይጠቅምም ብሎ የሚከራከር ሰው የሚጠቅሰው እንደ አንጀኒ ያለውን ረጅም መዝገብ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ በአንድ ግራንት አይገኝም፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው እየተቀበለ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጊዜው ሳያልቅ ይቆማል። እንግሊዝ ከ2016 ጀምሮ 1.5 ቢሊዮን ፓውንድ ይዛ ለታዳጊ አገራት ችግር የሚሆን ሙያ የተጋጠመበት ምርምር ትደግፍ ነበር፣ በ2021 የውጭ እርዳታዋን ከአገራዊ ገቢዋ 0.7 ወደ 0.5 ፐርሰንት ስታወርድ በሂደት ላይ ያሉ ፕሮጀክቶች በጀታቸው መሃል ላይ ተቆረጠ። በ2025 የአሜሪካው ተከተለ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀረው ማህበረሰቡ ጋ ተመልሶ ውጤት መናገር ነው፣ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ላይ መጨረሻ የተቀመጠ እሱ ስለሆነ። እኛ ጋ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሜዳ መውጣት ራሱ አደጋ ሆኗል፣ በየወሩ መለካት ያለበት ነገር ሳይለካ ሲያልፍ ያ ወር ተመልሶ አይገኝም።

ተመራማሪ ቤቴ ቢመጣ ምን መጠየቅ እችላለሁ?

ብዙ። መጀመሪያ ከየት ተቋም እንደመጡና የስነ ምግባር ፈቃድ ደብዳቤ እንዳላቸው ጠይቁ፣ ሰው ላይ የሚሰራ ጥናት ያለሱ አይጀመርም፣ ስለዚህ ማሳየት ቅር ሊላቸው አይገባም። እምቢ ማለት ትችላላችሁ፣ ጀምራችሁም መተው ትችላላችሁ፣ በዚህ የተነሳ ጤና ጣቢያ ላይ የምታገኙት አገልግሎት ሊቀንስባችሁ አይችልም። አንብቦ መረዳት ለማይችል ሰው የስምምነቱ ወረቀት በቃል ተነቦ፣ ምስክር ባለበት መሆን አለበት፣ "እማማ፣ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ" ተብሎ ጣት የሚነከርበት ነገር ስምምነት አይባልም።

ሙያው የተጋጠመ መሆኑን ለማወቅም ቀላል ጥያቄ አለ። አፈር የሚቆፍረውን ልጅ "እግር የምትለካው ልጅ የምትሰበስበው ለአንተ ምን ይጠቅምሃል?" በሉት። ከመለሰ አብረው አስበውታል ማለት ነው።

ውጤቱ መቼ፣ በማን፣ የት እንደሚነገር ጠይቁ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ ናት የምትነግረው? ደም ወይም ምራቅ ከወሰዱ ደግሞ ናሙናው የት እንደሚቀመጥ፣ ከአገር የሚወጣ ከሆነ በየትኛው ስምምነት እንደሚወጣና ጥናቱ ሲያልቅ ምን እንደሚደረግበት የመጠየቅ መብት አላችሁ፣ መልሱም እንድትይዙት በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ፣ ከሚደወልበት ስልክ ቁጥር ጋር፣ ተጽፎ መገኘት አለበት።